ከኋላ የመጣ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፦ በባሕር ዳር ስላለ አንድ የመኪና ውድድር ጌም ቤት

ባሕር ዳር ውስጥ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ጣና ዳርቻ በሚያወርድ መንገድ ላይ ባለ አንድ ጌም ቤት ባለፉት ሁለት ወራት የእህቴን ልጅ ይዤ አሥር ጊዜ ያህል ሄጃለሁ። ቤቱ እንደ ሌሎቹ በጆይስቲክ ኳስ ብቻ የሚያጫውት አይደለም፤ መሪና የእግር ፔዳል ያላቸው ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ተቀምጠውለት ሁለት ልጆች በአንድ የውድድር መንገድ ላይ እየተፎካከሩ ይነዱበታል። ለ15 ደቂቃ 50 ብር ይከፈላል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የለም፤ የተቋረጠውን ደቂቃ ግን በሌላ ቀን ያካክሱላችኋል። ስለ ቤቱ ልጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ሁሉ ሳይሆን፣ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ጥፋተኛው የሚለይበት መንገድ ነው።

በቤቱ ደንብ መሠረት ጥፋተኛ የተባለ ልጅ የሚቀጥለውን ተራ ያጣል፤ ስለዚህ ግጭት ባለ ቁጥር ክርክር አለ። በሌሎች ቤቶች እንዳየሁት ክርክሩ የሚያበቃው ድምፁ ከፍ ባለው ወይም በዕድሜ በሚበልጠው ልጅ ነው፤ አለበለዚያም ከትራፊክ ፖሊስ የለመድነው ፍርድ ይሰጣል፤ ከኋላ መጥቶ የገጨ «ርቀት ባለመጠበቅ» ጥፋተኛ ይባላል። ይህ በከተማ መንገድ ትክክል ነው፤ ከፊታችን ያለው ባጃጅ ተሳፋሪ ለመጫን ድንገት ቢቆም እንኳ ለመቆም የሚያስችለንን ርቀት መተው የእኛ ግዴታ ነውና። በውድድር ግን መቅረብና መቅደም ራሱ የመጡበት ጉዳይ ስለሆነ፣ ተወዳዳሪን ርቀት ጠብቅ ማለት አትወዳደር እንደ ማለት ነው።

የዚህ ቤት አጫዋች ይህን ልዩነት ያውቃል። አንድ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ እየመራ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከኋላው የነበረው ልጅ በውስጥ በኩል ገባ፤ ተጋጩ፤ የእኛም ልጅ ተሽከርክሮ ሣሩ ላይ ወጣ። «ጋሼ፣ ከኋላ መጥቶ እኮ ነው የገጨኝ!» ብሎ ጮኸ። አጫዋቹ ሳይመልስለት ምስሉን ወደ ኋላ አጠንጥኖ፣ የእኛ ልጅ መሪውን ማዞር በጀመረበት ቅጽበት ላይ አቆመና የእስክሪብቶውን ጫፍ ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። የሌላው መኪና የፊት ጎማ በዚያች ቅጽበት የእኛን ልጅ መኪና በር አልፎ ነበር። «አንተ ሳትታጠፍ በፊት እሱ ጎንህ ደርሷል፤ ቦታ ልትተውለት ይገባ ነበር» አለው። ልጁ እንባው ቢተናነቀውም ተራውን ለቀቀ፤ እኔም ፍርዱ ትክክል እንደነበረ አምናለሁ።

እንዲህ ያለው ዳኝነት የቤቱ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተውና አማተር ተወዳዳሪዎችን የሚያስተናግደው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ በደንቡ ኃላፊነቱን ለሁለቱም ያከፋፍላል፤ ለመቅደም የወሰነው ሰው ውሳኔውንም በሰላም መፈጸሙንም ይወስዳል፣ የሚቀደመውም እየተቀደመ መሆኑን ማወቅና መንገድ አለመዝጋት ይጠበቅበታል። ሊቀድም የሞከረው ልጅ ዘግይቶ፣ የፊቱ መኪና መታጠፍ ከጀመረ በኋላ ዘሎ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የእሱ በሆነ ነበር። አስቸጋሪው በሁለቱ መካከል ያለው ግማሽ ሴኮንድ ነው፤ በፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ተፎካካሪዎች የነበሩት ፕሮስትና ሴና እ.ኤ.አ. በ1989 በጃፓን ሱዙካ የተጋጩበት ሁኔታ ዛሬም የሚያከራክረው በዚሁ ምክንያት ነው።

አይሬሲንግ የተባለው የኮምፒውተር ውድድር በበኩሉ ማን እንዳጠፋ ሳይጠይቅ በከባድ ግጭት ለሁለቱም እኩል 4 የጥፋት ነጥብ ይመዘግባል። ለማሽን ይህ ምክንያታዊ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ግጭትን እንዲሸሹ ያደርጋል። ለልጆች ግን ምስሉን አቁሞ፣ ጎማውን በእስክሪብቶ አሳይቶ የሚያስረዳ ሰው እጅግ ይሻላል። በእውነተኛው የአማተር ውድድር ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን መኪና በራሱ ገንዘብ ያሠራል፤ የተለመደው ኢንሹራንስም ውድድርን አይሸፍንም። ስለዚህ አንድ ልጅ ወደፊት እውነተኛ መሪ ሲይዝ ይህን ትምህርት ቀድሞ ማግኘቱን ትልቅ ጥቅም አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ቅሬታዬ የቀኙን ወንበር ይመለከታል። ፔዳሎቹ የተመቱበት ጣውላ ከሴራሚኩ ወለል ጋር አልታሰረም፤ ልጁ ፍሬኑን አጥብቆ ሲረግጥ ጣውላው ወደ ፊት ይንሸራተትና ፍሬኑ ዘግይቶ ይይዛል። ሦስት ጊዜ እንዳየሁት በዚያ ወንበር የተቀመጠ ልጅ የፊተኛውን መኪና ገጭቷል፤ ምስሉ ሲታይም ዘግይቶ ፍሬን እንደ ያዘ ስለሚያሳይ ተራውን አጥቷል። ምስሉ የሚያሳየው መንገዱን እንጂ ከወንበሩ በታች ያለውን እግር አይደለም። በመኪና ክለቦች ዘንድ ከውድድሩ በፊት ተሽከርካሪው ይፈተሻል፤ ባለ መኪናው ለፍሬኑ ተጠያቂ የሚሆነውም መኪናው የራሱ ስለሆነ ነው። እዚህ ግን መሪውም ፔዳሉም የቤቱ ንብረት ነው፤ ስለዚህ በቀኙ ወንበር ለደረሱት ለእነዚያ ግጭቶች ተጠያቂው ቤቱ እንጂ ልጆቹ አልነበሩም።

ይህንን ሁለት ጊዜ በትሕትና ነግሬያለሁ፤ አጫዋቹም ይቅርታ ጠይቆ ጣውላውን በድንጋይ አስደገፈው። ባለፈው እሑድ ድንጋዩም አብሮ ሲንሸራተት አይቻለሁ። ጣውላው በቡሎን እስኪታሰር ድረስ የግራውን ወንበር ጠይቁ፤ እሱ ከተያዘ ደግሞ ውድድሩ ሳይጀመር ፔዳሉን በእግራችሁ ገፍታችሁ አጫዋቹ በዓይኑ እንዲያየው አድርጉ።