ውሉ «አበባ» ይላል እንጂ «ፍሬሽ አበባ» አይልም

በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ጋርደን ውስጥ ሠርግ ለመደገስ ያሰባችሁ፣ ለዲኮር ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ብጠራው ነገ በሌላ ስም ይከፍታል። አሠራሩን ብታውቁት ይሻላችኋል።

ሠርጉ የታናሽ እህቴ ነበር። ጥር መጨረሻ፣ እሑድ ቀን። አዳራሽ አልፈልግም ብላ ድርቅ አለች። ዛፍ፣ ሣር፣ ጽጌረዳ፣ ሲመሽ ቅርንጫፉ ላይ የሚንጠለጠሉ ትንንሽ መብራቶች። ሲኤምሲ አካባቢ ግቢው ሰፋ ያለ ቤት ለቀኑ ተከራየን። ዲኮሩን ቲክቶክ ላይ አገኘነው። (አዎ፣ ጥፋቱ እዚያው ጀመረ።)

ሰውየው ቢሮ ጠርቶን በታብሌት ፎቶ አሳየን። በነጭና በሮዝ ጽጌረዳ የተሸፈነ አርች፣ በየጠረጴዛው አበባ፣ ሣር ላይ የተነጠፈ ነጭ ምንጣፍ። እህቴ እንባዋ መጣ። እኔም ልቤ ሸፈተ፣ አልዋሽም። በ180 ሺህ ብር ተስማማን። 90 ሺውን ቀብድ ብለን በግል አካውንቱ አስገባን። ደረሰኝ ስንጠይቅ «ሲያልቅ አንድ ላይ እንቆርጣለን» አለ። እኛም እሺ አልን።

ቅዳሜ ማታ መጥተው ሊሠሩ ተቀጥረው እሑድ ረፋድ 4 ሰዓት ደረሱ። ሙሽሮቹ 7 ሰዓት ይገባሉ። ከአይሱዙው የወረደው አበባ በሙሉ አርቲፊሻል ነበር። አዲስ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። ፀሐይ የበላው፣ ሮዙ ወደ ቡኒ የሄደ፣ አቧራ የጠጣ ፕላስቲክ። እናቴ ጠጋ ብላ አንዱን ቅጠል ዳሰስ አደረገችና «ልጄ፣ ይሄ መቃብር ላይ የሚያደርጉት አይደለም እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ከዚያ በኋላ አርቹን ባየሁ ቁጥር ሌላ ነገር አልታይ አለኝ።

ደወልኩለት። ሌላ ሠርግ ላይ ነበር። አልተቆጣም፣ አልደነገጠም። «እህቴ፣ ውሉን እዪው። አበባ ነው የሚለው፣ ፍሬሽ አይልም» አለኝ በትህትና። አየሁት። እውነቱን ነው። ውላችን ግማሽ ገጽ ነበር፦ አርች ከነአበባው፣ የሙሽሮች መቀመጫ፣ የጠረጴዛ አበባ፣ መብራት። ስንት ጠረጴዛ? አይልም። ስንት ሰዓት ይደርሳል? አይልም። ማታ 1 ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ የማን እንደሆነ ማንም አልጻፈም። ግማሹ ሰው በስልክ መብራት ጨፈረ።

ስጨቀጭቀው ሌላ ሰበብ አመጣ። ፋርሞቹ ለቫለንታይን ወደ ውጭ እየላኩ ስለሆነ ጽጌረዳ ተወዷል አለኝ። ይሄ ባዶ ውሸት አይደለም። ዝዋይና ሆለታ ያሉት የአበባ እርሻዎች ዋና ገበያቸው አውሮፓ ነው። ቫለንታይን የሚውለው በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። የኛ የሠርግ ሩጫም ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ሁለቱ በየዓመቱ ይጋጫሉ። ግን እኮ በየዓመቱ ከሆነ፣ ዲኮር ሥራዬ ነው የሚል ሰው ዋጋ ሲነግረኝ ነው ይሄን ማሰብ ያለበት፣ ሠርጉ ዕለት አይደለም።

እውነተኛው ምክንያት የገባኝ 11 ሰዓት ላይ ነው። ኬክ ተቆርሶ ገና ዘመድ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ እየተነሳ፣ የዲኮሩ ሠራተኞች ከኋላ ካሉት ጠረጴዛዎች አበባውን እየለቀሙ ካርቶን ውስጥ ይከቱ ጀመር። «አያት ሰፈር ሌላ ፕሮግራም አለብን» አለኝ ሹፌሩ። ለካ አንድ ጭነት አበባ ነው በዚያ እሑድ ሦስት ሠርግ የሚዞረው። ፍሬሽ ጽጌረዳ እንዲህ አይዞርም፣ ፀሐይ ላይ ውሎ በካርቶን ሲጓዝ ይጠወልጋል። ፕላስቲኩ ግን ምን ይሆናል።

ስለ ገንዘቡ የሕግ ባለሙያ የሆነ የአጎቴን ልጅ ጠየቅሁት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል ይላል። ሳምንት ሲቀረው «አልቻልኩም» ተብላችሁ ከሆነ ይቺን አንቀጽ ያዙ። ለኛ ግን አልሆነችም። ሰውየው መጥቷል፣ ሠርቷል፣ መጥፎ ሠራ እንጂ ውል አላፈረሰም። መጥፎ መሥራቱን ለማሳየት ደግሞ ምን እንደተስማማን የሚናገር ወረቀት ያስፈልጋል። የኛ ወረቀት «አበባ» ይላል። በስንት ክርክር ከቀሪው ሂሳብ 30 ሺህ ብር አስቀረን። ያንንም ያገኘነው ቀሪውን ገና ስላልከፈልን ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ፎቶውን አሳትሙት፣ ከውሉ ጋር አያይዙት፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። «ፍሬሽ ጽጌረዳ» ብላችሁ ቀለሙን ጻፉ፣ የጠረጴዛውን ቁጥር ጻፉ፣ የሚገቡበትንና የሚያነሱበትን ሰዓት ጻፉ። በዚያ ቀን ስንት ሠርግ እንደያዘ በግልጽ ጠይቁት። ከሁሉም በላይ የሚቀጥለው እሑድ የት እንደሚሠራ ጠይቃችሁ ረፋዱ ላይ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። አድራሻውን ለመናገር ከተንተባተበ ተዉት። ቀሪውን ገንዘብ ተሠርቶ የቆመውን ሳታዩ እንዳትለቁ። (ለጋርደን ሠርግ አንድ ተጨማሪ፦ የጥር ማታ ብርድ ቀልድ አይደለም፣ ለእናቶች ጋቢ አዘጋጁ። ታኮም ሣር ውስጥ ይሰምጣል፣ የሚዜዎቹን አንድ በአንድ ስንነቅል ነው የዋልነው።)

ባለፈው ሳምንት የሰውየውን ገጽ ከፍቼ አየሁት። የእህቴ ሠርግ ፎቶ ተለጥፏል። አርቹ ብቻ፣ ከሩቅ፣ ቀለሙ ደመቅ ተደርጎ። አበባው ፍሬሽ ይመስላል። ከሥሩ ሦስት ሰዎች ዋጋ ጠይቀዋል።