ከዲሲ ለአንድ ቀን ወደ ወይን እርሻ፦ ላውደን፣ ፎኪር ወይስ ሻርለትስቪል?

ዲሲና አካባቢው የምንኖር ሰዎች ቨርጂኒያ ዋይነሪ (ወይን የሚሠራበትና የሚቀመስበት እርሻ) ለመሄድ ስንነሳ መጀመሪያ የምንጠያየቀው «የትኛው ወይን ይሻላል?» ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቀድሞ መታወቅ ያለበት ማን እንደሚነዳ ነው። የሚነዳው ሰው አይጠጣም፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሚጎዳው እሱ ነው። ኡበር እንይዛለን ብላችሁም አትተማመኑ። መሄጃው ይገኛል፤ ማምሻው ላይ ከገጠር የሚያወጣችሁ መኪና ማግኘት ግን ያስቸግራል። አንዳንዱ ቦታ ስልኩም አይሠራም።

ላውደን፦ ለቡድንና ለቤተሰብ

ላውደን ካውንቲ ራሱን «የዲሲ የወይን አገር» እያለ ያስተዋውቃል። አላጋነነም። ትራፊክ ከሌለ ሊስበርግ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ከ40 በላይ ዋይነሪዎች አሉት። ብዙዎቹ ከሊስበርግ አለፍ ብሎ በፐርስልቪል፣ በሂልስቦሮና በብሉሞንት ዙሪያ ተጠጋግተው ስላሉ አንዱ ባይመቻችሁ ወደ ሌላው መሄድ ቀላል ነው። በደለስ ግሪንዌይ ከገባችሁ ለዚያች አጭር መንገድ ከ5 ዶላር በላይ ትከፍላላችሁ። ሩት 7 ነፃ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በጊዜ ከወጣችሁ የምታጡት ነገር የለም።

ልጅ ይዞ ለሚሄድ ከሦስቱ የሚመቸው ይኸኛው ነው። ለምሳሌ ስቶን ታወር የሚባለው ዋይነሪ 21 ዓመት ለሞላቸው ብቻ የተለየ ቤት አለው፤ ቤተሰብ የሚስተናገድበት ደግሞ ሌላ። ብሉሞንት ቪንያርድ ተራራው ጎን ላይ ስለተቀመጠ ሜዳው ቁልቁል ተዘርግቶ ይታያል፤ ፎቶ ለሚወድ ሰው ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልገውም። ችግሩ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሙዚቃው፣ የልደቱ ፊኛ፣ ለሙሽሪት የሚጮኹት ሚዜዎች፣ የባንኮኒው ሰልፍ... ወይን ቀመስኩ ሳይሆን ሠርግ ዋልኩ ትላላችሁ። ጥራቱም ከቤት ቤት ይለያያል። አንዳንዱ ጋ የምትከፍሉት ለወይኑ ሳይሆን ለእይታው ነው። ጨዋታ ለፈለገ ግን ምን ጎደለ?

ፎኪር፦ ለወይኑ ብሎ ለሚሄድ

ሀይዌይ 66ን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ የፎኪር ካውንቲ ሰፈሮች ደላፕሌን፣ ማርካም እና ሊንደን ይመጣሉ። አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ከቤልትዌይ (ዲሲን ከሚዞረው ቀለበት መንገድ) ውጭ ያለው ኤክስፕረስ ሌን፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ ኢዚፓስ ፍሌክስ ካልያዛችሁ በቀር፣ ሁልጊዜ ያስከፍላል፤ በተራው መስመር ሂዱ። ሊንደን ቪንያርድስ ከ1983 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬ ስም ያላቸው በርካታ የቨርጂኒያ ወይን ሠሪዎች ሙያውን የተማሩት እዚያ ነው። እዚህ ሰፈር ስለ አፈሩና ስለ ተዳፋቱ ጠይቃችሁ መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ታገኛላችሁ። ስምንት ሆኖ እየተሳሳቁ መግባት ግን አያዋጣም። ለሁለትና ለአራት ሰው ነው። ጠዋት ስካይ ሜዶስ ፓርክ ተራራውን ወጥቶ፣ ከሰዓት አንድ ዋይነሪ ብቻ። ለኔ ከሦስቱ የሚበልጠው ቀን ይኼ ነው።

ሻርለትስቪል፦ ስሙ ትልቅ፣ መንገዱም ረጅም

ወይን ኢንቱዝያስት የተባለው መጽሔት በ2023 የዓመቱ የወይን አካባቢ ብሎ የመረጠው ሻርለትስቪልን ነው። ታሪክም አለው። ቶማስ ጀፈርሰን በ1774 ፊሊፖ ማዜይ ለሚባል ጣሊያናዊ ከመኖሪያው ከሞንቲቼሎ አጠገብ መሬት ሰጥቶ ወይን ሊያስተክል ሞክሮ ነበር። አልተሳካለትም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1976 የጣሊያኑ የዞኒን ቤተሰብ ባርበርስቪል የተባለውን ዋይነሪ ሲመሠርት ነገሩ እውን ሆነ። ግቢው ውስጥ ጀፈርሰን ነድፎት በ1884 የገና ዕለት የተቃጠለ ቤት ፍርስራሽ አለ። ኦክታጎን የሚባለው ቀይ ወይናቸው ስሙን ያገኘው ከዚያ ቤት ስምንት ማዕዘን ክፍል ነው።

ለአንድ ቀን ግን ይከብዳል። ከዲሲ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ሩት 29 ላይ ከተጨናነቀ ከዚያም በላይ፤ መመለሻውም ያው ነው። ባቡር አለ፤ ከጣቢያው ወደ እርሻዎቹ ግን መልሶ መኪና ያስፈልጋችኋል። የግድ በአንድ ቀን ካላችሁ ከተማውን ተዉትና ባርበርስቪል ብቻ ሂዱ። ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ ለኛ ይቀርባል፤ ምሳም እዚያው ይበላል። ሞንቲቼሎን ማየትና በሰመር እሑዶች ኪንግ ፋሚሊ የሚባለው ዋይነሪ ጋ የፈረስ ፖሎ መመልከት ለሚያድር ሰው ይቆይ።

ምን ይቀመሳል፣ ምን ይበላል

ቅምሻ ብዙ ቦታ ከ15 እስከ 30 ዶላር ነው። ቀይ ከሆነ ካበርኔ ፍራንክ ይዘዙ፤ ለቨርጂኒያ አየር የሚስማማ ዘር ነው። ጠጅ የለመደ አፍ ያላቸው ሽማግሌዎች ይዛችሁ ከሆነ ፔቲ ማንሳንግ የሚባለውን ነጭ ወይን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ጣፈጥ ተደርጎ ይሠራል። ቪዮኜ የሚባለው ነጭም መዓዛው ደስ ይላል። ወደ ሚድልበርግ በኩል ያለው ክሪሳሊስ ደግሞ ኖርተን በሚባለው የቨርጂኒያ ዘር ይታወቃል። እሱን የማይወደውም ሰው አለ።

ምግብ ይዞ መግባት የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው፤ ሬስቶራንት ያላቸው ግን ብዙ ጊዜ አይፈቅዱም፤ መጠጥ ከውጭ ማስገባት የትም ክልክል ነው። የሚፈቀድ ከሆነ ጥብስ ወይም ክትፎ ከቀይ ጋር ይሄዳል። ዶሮ ወጥ ከሆነ ግን ቀዩን ተዉት፤ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ጣፈጥ ያለ ነጭ ይሻለዋል።

ከስድስት በላይ ከሆናችሁ የትም ብትሄዱ አስቀድማችሁ ቦታ ያዙ። የወይን ለቀማው ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ተጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በኦክቶበር ቅጠሉም ስለሚቀላ መንገዱም ጠረጴዛውም ይሞላል፤ ከእንቁጣጣሽ ቀጥለው ያሉት ሳምንታት ይሻላሉ። ዓርብ ከቅዳሜና እሑድ ይቀላል። ቅዳሜና እሑድ ሥራ የሚገቡና ማክሰኞ የሚያርፉ ሰዎች ሳይደውሉ እንዳይነሱ፤ ትናንሾቹ ዋይነሪዎች በሳምንቱ መጀመሪያ ዝግ ናቸው።