«ማንኛውንም ፋይል ይከፍታል» ለሚል ፕሮግራም ገንዘብ አትክፈሉ

የማታውቁት ፋይል ደርሷችሁ ዊንዶውስ «በምን ልክፈተው?» ሲላችሁ የፋይሉን ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ከስሙ ኋላ ከነጥብ ቀጥለው የሚመጡትን ፊደላት፣ ጎግል ላይ መፈለጋችሁ አይቀርም። ወጥመዱ እዚያ ነው ያለው። ከላይ ከሚደረደሩት ገጾች ብዙዎቹ ሁለት አንቀጽ የማይረባ ማብራሪያ ጽፈው መሀሉ ላይ «ይህን ፋይል አሁኑኑ ክፈት» የሚል ትልቅ የዳውንሎድ ቁልፍ ይሰኩበታል። ሌላ ኤክስቴንሽን ብትፈልጉም የሚመጣላችሁ ያው ጽሑፍ ነው፤ የተቀየረው የኤክስቴንሽኑ ስም ብቻ።

የሚወርደው ፕሮግራም ፎቶ፣ ፒዲኤፍ፣ ቪዲዮና ተራ ጽሑፍ ይከፍታል፤ እነዚህን ግን ኮምፒውተራችሁ ያለ እሱም ይከፍታቸዋል። ያልገባውን ፋይል ደግሞ በተዘበራረቀ ፊደልና ቁጥር ደርድሮ «ተከፍቷል» ይላል። ይህንንማ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የጽሑፍ ፕሮግራም ኖትፓድም በነጻ ያደርገዋል። ቀጥሎ «ሙሉውን ለማየት ፈቃድ ይግዙ» ይመጣል። አንዳንዱ አብሮት «ኮምፒውተር አፍጣኝ» የሚባል ሸክም ጭኖባችሁ የብራውዘራችሁን መነሻ ገጽ ይቀይራል።

ሁሉን የሚከፍት ፕሮግራም ሊኖር ያልቻለው፣ ፎርማት ማለት እያንዳንዱ ፕሮግራም መረጃውን የሚደረድርበት የራሱ መንገድ ስለሆነ ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ የፒችትሪ ባክአፕ ወደ ሥራ የሚመለሰው በራሱ በፒችትሪ ነው፤ ያውም ባክአፑ ከተወሰደበት ባላነሰ ቨርዥን። የአውቶካድ 2018 ሥዕል በ2010 ቨርዥን አይከፈትም። ፋይሉ አልተበላሸም፣ «ጥገና» ብሎ የሚያስከፍላችሁም የሚጠግነው ነገር የለም። ዲደብልዩጂ ትሩቪው የሚባለው የአውቶካድ ሠሪ የአውቶዴስክ ነጻ ፕሮግራም ሥዕሉን ወደ ቆየው ቨርዥን ይቀይርላችኋል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ስጡት። ዊንዶውስ ኤክስቴንሽን ይደብቃል፤ መጀመሪያ እሱን ግለጡ። ዊንዶውስ 11 ላይ ፋይል ኤክስፕሎረርን ከፍታችሁ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 10 ላይ «ቪው» ውስጥ ሳጥኑ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። ስሙ «ደረሰኝ ነጥብ ፒዲኤፍ» ሲመስላችሁ የነበረው በስተኋላው «ነጥብ ኢኤክስኢ» ካለበት ሰነድ አይደለም፣ ፕሮግራም ነው። ሳትከፍቱ አጥፉት።

ኤክስቴንሽን ግን ማንም የሚለጥፈው ምልክት ነው፤ እውነቱ ያለው ፋይሉ ውስጥ፣ መጀመሪያው ላይ ነው። ፋይሉን ኮፒ አድርጉ፣ ኖትፓድን ክፈቱ፣ ኮፒውን ጎትታችሁ ውስጡ ጣሉት። ብዙ መቶ ሜጋባይት ከሆነ ኖትፓድ ይደርቃል፣ አትሞክሩት። ከታች ያለውን ዝብርቅርቅ ተዉት፤ የምትፈልጉት የመጀመሪያውን መስመር ነው። በፐርሰንት ምልክትና «ፒዲኤፍ» በሚሉ ፊደላት ከጀመረ ፒዲኤፍ ነው፤ ስሙን አስተካክሉት፣ ይከፈታል። መጀመሪያው አካባቢ «ፒኤንጂ»፣ «ጄኤፍአይኤፍ» ወይም «ኤክዚፍ» ካያችሁ ፎቶ ነው። «ኤም» እና «ዜድ» ብሎ ከጀመረና ትንሽ ዝቅ ብሎ ፕሮግራሙ በዶስ እንደማይሠራ የሚናገር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን የሚጫን ፕሮግራም ነው። በዶክታይፕ ኤችቲኤምኤል ከጀመረ ደግሞ ፋይሉ ጭራሽ አልወረደም፤ የወረደው «መጀመሪያ ግቡ» ወይም «አልተገኘም» የሚለው የድረ ገጹ መልእክት ነው። ይህ ሰው ከሚገምተው በላይ ያጋጥማል። ስትዘጉት ሴቭ አታድርጉ፤ ኖትፓድ ሴቭ ያደረገው የጽሑፍ ያልሆነ ፋይል በእርግጥ ይበላሻል።

«ፒ» እና «ኬ» ብሎ ከጀመረ የዚፕ ዘመድ ነው። እዚህ ላይ ሰቨን-ዚፕ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል። ፋይሉን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ እንደ ዚፕ ክፈቱትና በውስጡ ያሉትን ፎልደሮች ስም እዩ። «ወርድ» የሚል ካለ የወርድ ሰነድ ነው፣ «ኤክስኤል» ከሆነ ኤክሴል፣ «ፒፒቲ» ከሆነ ፓወርፖይንት። አንድሮይድ ማኒፌስት የሚል ፋይል ካለበት የስልክ አፕ ነው፤ «የሠርግ ፎቶ» ወይም «የሥራ ማስታወቂያ» ተብሎ በቴሌግራም ከመጣ ስልካችሁ ላይ እንዳትጭኑት።

መጠኑ ዜሮ ከሆነ፣ ወይም ስሙ በ«ሲአርዳውንሎድ» ወይም በ«ፓርት» ካለቀ፣ ወርዶ አላለቀም። እንደገና አውርዱት፤ የትኛውም ፕሮግራም የሌለውን አይከፍትም። ከአይፎን የሚመጣው «ኤችኢአይሲ» ፎቶ ነው፣ ከ2017 ጀምሮ የአይፎን ልማድ ነው። ላኪው ሴቲንግ ውስጥ «ካሜራ»፣ «ፎርማትስ»፣ «ሞስት ኮምፓቲብል» ብሎ ቢቀይረው ከዚያ በኋላ የሚያነሳው በጄፔግ ይሆናል። «ዊንሜይል ነጥብ ዳት» የአውትሉክ ኢሜይል መጠቅለያ ነው፤ ላኪው ኢሜይሉን በሪች ቴክስት ሳይሆን በኤችቲኤምኤል ደግሞ ይላክ።

የአማርኛ ሰነድ ጉዳይ ለብቻው ነው። ወርድ ላይ ተከፍቶ ጽሑፉ በሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ሲታይ «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ሪከቨሪ ይፈልጋል» የሚላችሁን አትመኑ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ለብዙ ዓመት ከዚያም በኋላ፣ የአማርኛ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ጽሑፉን ምረጡና የፎንት ሳጥኑን እዩ። «ግዕዝ-1» ወይም «ቪጂ2 ሜይን» የሚል ስም ካለ የጎደለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ፒዲኤፍ ይደረግላችሁ፤ ፎንቱ አብሮ ስለሚገባ የትም ይነበባል። ከዚያ ሰነድ ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ብትለጥፉት ግን ተመልሶ ዝብርቅርቅ ይሆናል።

ብዙ ብር የሚበላው የመጨረሻው ዓይነት ነው። አንድ ፋይል ብቻ ሳይሆን ፎቶውም ሰነዱም በአንድ ጊዜ፣ ከትክክለኛው ኤክስቴንሽን ኋላ ሌላ አራት ፊደል ከተለጠፈበትና በየፎልደሩ «ሪድሚ» የሚል ጽሑፍ ከተቀመጠ፣ የገጠማችሁ ያልታወቀ ፎርማት ሳይሆን ራንሰምዌር፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ነው። ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው በክራክ ሶፍትዌር፣ ፈቃዱ ተሰብሮ በሚታደል ፕሮግራም፣ የሚገባ ሲሆን ለዓመታት 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490 ዶላር ሲጠይቅ ቆይቷል። ኤክስቴንሽኑን መቀየር አይፈታውም፣ «ኦፕነር» መግዛትም አይፈታውም፤ ኮምፒውተሩን ፎርማት የሚያደርግላችሁ ሰው ደግሞ ቁልፉ ኋላ ቢገኝ እንኳ የሚፈታውን ፋይል ያጠፋባችኋል። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ንቀሉ፣ የተቆለፉትን ፋይሎች ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ሪድሚው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር እዩ። በ«ቲ1» ካለቀ ቫይረሱ ከላኪው ሰርቨር ጋር ሳይገናኝ በጋራ ቁልፍ ነው የቆለፈው፤ የጸረ ቫይረስ ድርጅቱ የኤምሲሶፍት ነጻ መፍቻ ሊሠራ የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው። ለሌሎቹ ዓይነቶች የአውሮፓ ኅብረት ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል የሚሳተፍበትን «ኖ ሞር ራንሰም» ገጽ ተመልከቱ፤ እሱም በነጻ ነው። «መቶ በመቶ እፈታለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉ» የሚለውን አንድ ፋይል ፈትቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ የሚፈታውን ፋይል ግን እናንተ ምረጡ።

ፋይልን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ የሚለውጡ ኦንላይን ቀያሪዎችንም በልክ ተጠቀሙ። የኤፍቢአይ የዴንቨር ቢሮ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ማልዌር፣ ማለትም ጎጂ ፕሮግራም፣ ስለሚያወርዱ ነጻ ቀያሪዎች አስጠንቅቋል። ፓስፖርት፣ የባንክ ወረቀት፣ የኢሚግሬሽን ዶሴ እዚያ ላይ አይጫንም፤ ለወርድና ለኤክሴል ዘመዶች ሊብሬኦፊስ፣ ለቪዲዮ ቪኤልሲ ኮምፒውተራችሁ ላይ ሆነው ይሠራሉ።

ካርዳችሁን ሰጥታችሁ የሦስት ቀን «ነጻ ሙከራ» የጀመራችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ፣ አፑን ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። አንድሮይድ ላይ ፕሌይ ስቶር፣ ፕሮፋይል፣ «ፔይመንትስ ኤንድ ሰብስክሪፕሽንስ» ገብታችሁ ሰርዙት፤ ከተከፈለ 48 ሰዓት ካላለፈ ከጎግል ተመላሽ ጠይቁ። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ ስማችሁ፣ «ሰብስክሪፕሽንስ» ነው። በድረ ገጽ የተገዛ ከሆነ እነዚህ ውስጥ አይታይም፤ ባንካችሁ ደውላችሁ ሻጩ በካርዱ ላይ ድጋሚ እንዳያስከፍል አሳግዱ።