ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለው ማርሚታ ቤት፦ ጫፍ ማስቀየርና ቀለም ማስቀባት

አዲስ አበባ ውስጥ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ የመለዋወጫ ሱቆቹ አልቀው ጋራዦቹ በሚጀምሩበት በኩል፣ ታፔላ የሌለው አንድ ማርሚታ ቤት (የመኪና ጭስ ማውጫ የሚሠራበት) አለ። በሩ ላይ አሮጌ ማርሚታ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ምልክቱ እሱው ነው። ኮሮላዬን እዚያ አስገብቼ የማርሚታውን ጫፍ (ከኋላ የሚታየውን የጭስ መውጫ አፍ) አስቀየርኩ፣ ማርሚታውንም አስቀባሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሙሉ ክረምት አልፏል። ጭቃውም ጎርፉም ስለፈተነው አሁን በደፈናው ሳይሆን አይቼ ነው የምናገረው። ሥራቸው ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።

መኪናዬ የ2004 ስሪት ነች፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የሜትር ታክሲ ሥራ ላይ ስለሆንኩ እንጀራዬ እሷ ናት። ቦሌ ኤርፖርት ሰው ስቀበል ሻንጣ የምጭነው ከኋላ ነው። ተሳፋሪው መጀመሪያ የሚያየው የመኪናዋን ጀርባ ነው ማለት ነው። የዛገ ጫፍና የተላጠ ማርሚታ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ፊቱ ላይ ይነበባል። ደግሞ መኪና መቀየር እንደ ድሮው አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለችንን ጠብቀን መያዝ ነው ያለብን።

ከዚህ በፊት ሰፈሬ አካባቢ ሌላ ቦታ ቀለም ተቀብቶልኝ ነበር። ዝገቱ ላይ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ለቀለቁበት፣ ከላዩ የበር ቀለም ደረቡበት። ሲወጣ ያምር ነበር። ሞተሩ ሲሞቅ ግን መኪናው ውስጥ የሚያቃጥል ሽታ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ቀለሙ አኮረፈ፣ ከዚያ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ረገፈ። ተራ ቀለምና ተራ አንቲረስት ሙቀት አይችሉም። ስለዚህ ይህንን ቤት ሰው ሲጠቁመኝ የሄድኩት አንድ ነገር ለማየት ነው፦ ከመቀባታቸው በፊት ምን ያደርጋሉ?

ባለቤቱ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አስቆሙና ወረዱ። እኔ ስለ ቀለም ስጠይቅ እሳቸው ካቻቢቴ ይዘው ማርሚታውን ከዳር እስከ ዳር ያንኳኳሉ።

«ጋሼ፣ ምን እየፈለጉ ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ለቀለም የሚበቃ ብረት መኖሩን ልይ። ካልበቃ ገንዘብህን አላስወጣህም።»

ጤነኛ ብረት ሲመታ ይጠራል። የሳሳው ድምፁ ይታፈናል፣ ካቻቢቴውም ጎድጎድ ያደርገዋል። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተው በወፍራም ጨርቅ የጭስ መውጫውን ለአፍታ ያዝ አደረጉ። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በሌላ ቀዳዳ «ፊስ» እያለ ይወጣል። የእኔ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ አፈሰሰ። ጓርኒሲዮኑ (መጋጠሚያው እንዳያፈስ መሃሉ የሚገባው ማሸጊያ) አልቋል። ከመስቀያ ጎማዎቹም አንዱ ተሰንጥቆ ነበር። እኔ ለቀለም መጥቼ እነዚህን ሁለቱን ባያዩልኝ ኖሮ፣ የሚያምር ግን የሚያፏጭ ማርሚታ ይዤ እወጣ ነበር። በዚያ ላይ ከማርሚታ የሚያፈስ ጭስ ወደ መኪና ውስጥ ሊገባ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ለምንውል ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም።

ከማርሚታው ሆድ በታች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች። እኔ ተበስቷል ብዬ ደንግጬ ነበር። ፋብሪካው ራሱ ለውሃ መውጫ የተዋት ነች አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ማርሚታው በደንብ ሲሞቅ እንፋሎቱ በንኖ ይሄዳል። ጠዋት በብርድ አስነስተን አጭር መንገድ ብቻ ሄደን ስናጠፋው ግን ውሃው እዚያው ይቀራል። ከጭሱ አሲድ ጋር ተደባልቆ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ማርሚታ በብዛት የሚበሳው ከውስጥ ወደ ውጭ የሆነው ለዚህ ነው። ቀለም ደግሞ የሚጠብቀው ውጩን ብቻ ነው። ይህንን ሳልጠይቅ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀለም ሊሸጥልህ ያለ ሰው ቀለሙ የማያደርገውን ሲነግርህ እምነት ያድርብሃል። ቀዳዳዋን ግን «ጭስ ታወጣለች» ብለው በብየዳ የሚደፍኗት ጋራዦች አሉ። አታስነኩ።

ሥራው ሲጀመር ማርሚታውን ሙሉ በሙሉ ከመኪናው አወረዱት። ይህን ነው የወደድኩት። መኪናው ላይ እንደተንጠለጠለ የሚቀባ ሰው ከላይ ያለውን ጀርባውን አያገኘውም፣ ጭቃ የሚያርፈውና ዝገት የሚጀምረው ግን እዚያ ነው። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር ደብሊው ዲ 40 (ዝገት የሚያላላ ስፕሬይ) ነፍተው ትንሽ አቆዩአቸው፣ ከዚያ በትዕግሥት ፈቷቸው። በመዶሻ መደብደብ የለም። ቀጥሎ ግራይንደር ላይ የሽቦ ብሩሽ ተገጠመ። አንድ ወጣት ልጅ የአሮጌውን ቀለም ቅሪትና ዝገቱን አራግፎ ብረቱ እስኪታይ ድረስ ወረደበት። ስፌቱ አካባቢና ብሩሹ የማይደርስባቸውን ጥጎች በእጁ በብርጭቆ ወረቀት አሸ። በመጨረሻ በቲነር የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ዘይቱንና አቧራውን ጠረገ። ከዚያ በኋላ ማንም በባዶ እጁ እንዳይነካው ተባለ። የእጅ ወዝ ያረፈበት ቦታ ቀለም አይዝም። የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ የበላው ይህ ማራገፍ ነው። ቀለም መንፋቱ ራሱ ምንም አልፈጀም።

ስለ ቀለሙ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው፣ ስትሄዱ ትደናገራላችሁ። የሚፈለገው ሙቀት የሚችል ስፕሬይ ነው። ጣሳው ላይ 1200 ዲግሪ ተብሎ ተጽፎ ሲያዩ ሴልሲየስ የሚመስላቸው አሉ። ፋራናይት ነው። በእኛ ወደ 650 ሴልሲየስ ይመጣል። ለኋላው ማርሚታ ይህ ከበቂ በላይ ነው፣ ጭሱ እዚያ እስኪደርስ ብዙ ሙቀቱን በመንገድ ጥሏል። ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው የፊተኛው ክፍል ግን ከዚህ በላይ ሊግል ስለሚችል ለእሱ 2000 ፋራናይት የሚችለውን መፈለግ ይሻላል። ሌላው፣ ከሥሩ ተራ አንቲረስት አይቀባም። ወይ ባዶ ብረት ላይ በቀጥታ፣ ወይ ለሙቀት የተሠራ የራሱ ማስያዣ ቀለም። እኔ ደብዛዛ ጥቁር መረጥኩ። ብርማ ቀለም የሚወዱ ብዙ ናቸው፣ ግን የአዲስ አበባ አቧራና ጭቃ በብርማ ላይ ወዲያው ይታያል። ደብዛዛው ጥቁር ማርሚታውን ከዓይን ይሰውረዋል፣ ጫፉ ብቻ ጎልቶ ይታያል።

ስስ ስስ አድርገው ሦስት ጊዜ ነፉት። በየመካከሉ ደረቅ እስኪል ጠበቁ። አንዴ በወፍራሙ ቢነፋ ይፈሳል፣ ሲሞቅም አረፋ ያወጣል።

አሁን ወደ ጫፉ። እዚህ ላይ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ጫፍ ያብረቀርቃል። ተራ ብረት ላይ ኒኬል የተነከረውም፣ እውነተኛው ስቴንለስም (የማይዝገው ብረት) ከሩቅ አይለዩም። ኒኬሉ አንዴ ሲሰነጠቅ ውሃ ከሥሩ ይገባና ይዝጋል። ጥሩው ስቴንለስ፣ 304 የሚባለው፣ ማግኔት አይስብም ማለት ይቻላል። ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ያ ዕቃ 304 አይደለም። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ሲለኝ ማግኔቱን ከኪሴ አወጣሁ፣ ያኔ ሌላ ሣጥን ከሥር አወጣልኝ። ዋጋው ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ እኔ ግን ሳላቅማማ ከፈልኩ። ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት የቧንቧውን ውጫዊ ስፋት አስለኩ። ጫፉ ከላይ የሚጠልቅ ስለሆነ ውስጡ ከቧንቧው በትንሹ መስፋት አለበት። በግምት የተገዛ ጫፍ ወይ አይገባም ወይ ይወዛወዛል።

የመረጥኩት አንድ አፍ ያለው፣ ከንፈሩ የተጠቀለለ፣ ወደ ታች ትንሽ ያዘነበለ ነው። ሁለት አፍ ያለው ትልቅ ጫፍ ሊሸጡልኝ ሞክረው ነበር። ለኮሮላ አይመጥንም፣ ጉልበትም አይጨምርም። ጫፍ ለዓይን ነው። ወደ ታች ያዘነበለው ግን አንድ ጥቅም አለው፦ ጥላሸቱ ፓራውልቱ (የኋላ መከላከያው) ላይ አያርፍም። ርዝመቱም ቁም ነገር ነው። ጫፉ ከፓራውልቱ ወደ ውስጥ ከገባ ትኩሱ ጭስ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል። በጣም ከወጣ ደግሞ ሻንጣ የሚያወርድ ሰው እግሩን ያቃጥላል። የእኔ ከፓራውልቱ በጣት ስፋት ያህል ወጣ ብሏል።

በብሎን የሚታሰር ጫፍም አለ። እኔ በብየዳ ይሁንልኝ አልኩ። አንደኛ፣ ኮብልስቶን ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ብሎኑ ይላላል። ሁለተኛ፣ ስፖኪዮና ኮፖ የሚነቅል ሌባ ባለበት ከተማ በአንድ ብሎን የተያዘ የሚያብረቀርቅ ነገር አያድርም። በአራት ቦታ ነጥብ ነጥብ አድርገው በየዱት። ብየዳው የተሠራው ማርሚታው መሬት ላይ እንዳለ፣ ቀለም ከመነፋቱ በፊት ነው፣ ጫፉም ሲቀባ በወረቀት ተሸፈነ። መኪናው ላይ እንዳለ የሚበየድ ከሆነ ግን የባትሪው ኔጌቲቭ መፈታት አለበት፣ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የነዳጅ ታንከሩም ቅርብ ነው። ይህን ሳያደርጉ ችቦ የሚለኩሱ ቦታዎች ካጋጠሟችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ማርሚታው ተመልሶ ሲሰቀል አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ መስቀያ ጎማ ገባለት። መጀመሪያ ጫፉ ወደ ግራ ዘመም ብሎ ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት ባለቤቱ አይተው «ይህ አይወጣም» ብለው መልሰው አስፈቱት፣ አስተካከሉት። ተጨማሪ አልጠየቁኝም። ከዚያ ቀለሙ በሞተሩ ሙቀት እንዲጋገር አደረጉ። ለአጭር ጊዜ አስነስቶ ማጥፋት፣ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ ማስነሳት፣ እንደገና ማቀዝቀዝ። በዚህ ጊዜ ትንሽ ይጨሳል፣ ይሸታል። ያ ደህና ነው። የማያልቅ ሽታ ነው የሚያሳስበው። ሳይጋገር ጎርፍ ውስጥ የገባ ቀለም አይቆይም።

ከክረምቱ በኋላ ሥሯ ገብቼ አየሁት። ሆዱም ጀርባውም ንጹሕ ነው። ስፌቱ ላይ በአንድ ቦታ የመርፌ ራስ የምታህል ቡናማ ነጥብ ወጥታለች፣ ሌላ የለም። ጫፉ ጥላሸት ይይዛል፣ በሳሙና ሲታጠብ ይለቃል። መጋጠሚያው ስለማያፈስ ድምጿም ዝግ ብሏል።

ያልወደድኩት አለ። መጠበቂያ ወንበር የላቸውም፣ ፀሐይ ላይ ነው የምትቆሙት። በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ስለሚይዙ ተራው ያሰለቻል። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ፣ የሚያራግፈውም ቀለም የሚነፋውም ልጅ ያለ ጭምብል መሥራቱ ነው። ያን ሁሉ የዝገት አቧራና የቀለም ጭስ ይስባል። ለባለቤቱ ነገርኳቸው፣ «ልክ ነህ ልጄ» አሉ። ተመልሼ ስሄድ አድርገው ማየት እፈልጋለሁ። እናንተም ስትሄዱ ንገሯቸው፣ ብዙ ደንበኛ ሲነግራቸው ይሰማሉ።

ዋጋውን ለሚጠይቅ፦ ለማውረድ፣ ለማራገፍ፣ ለመቀባትና ለመስቀል 2,000 ብር ከፈልኩ። ለብየዳው 500። ጫፉን፣ ቀለሙን፣ ጓርኒሲዮኑንና ጎማውን የገዛሁት ራሴ ነኝ። እነሱም ይገዙልሃል፣ ግን ራሳችሁ ብትመርጡ ይሻላል። ርካሽ ቦታ አለ፣ በግማሽ ዋጋ የሚቀባ። እዚያ የሚቀነሰው ማራገፉ ነው።

ቅዳሜ አትሂዱ፣ ሰፈሩ መኪና ማቆሚያ የለውም። በሥራ ቀን ማለዳ ድረሱ። ከሩቅ ከመጣችሁ ደግሞ ማርሚታው እስኪቀዘቅዝ ስለሚያስጠብቋችሁ ቁርሳችሁን እዚያው ጎን ካለው ሻይ ቤት ብሉ። ፉሉ ጥሩ ነው።