«ጎግል ላይ አንደኛ እናወጣችኋለን» ብለው ቀብድ ለሚጠይቋችሁ የጎጃም ባለ ሆቴሎችና አስጎብኚዎች

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ሆቴል፣ ፔንሲዮን ወይም የጉብኝት ሥራ ያላችሁ፣ በፎቶ ያሸበረቀ ዌብሳይት «ከነኤስኢኦው» (ጎግል ፍለጋ ላይ ከፍ ብሎ እንዲወጣ ከሚደረግለት ሥራ ጋር) ተሠርቶላችሁ ከሆነ ቀሪውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ዋስትናው ራሱ ውሸት ነው። ማንም ሰው አንደኛ ደረጃን ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጎግል በመመሪያው በግልጽ ጽፏል። በገንዘብ የሚገዛው ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ ክፍያው ሲቆም እሱም ይጠፋል። የሆቴላችሁን ስም ጽፈው «ይኸው አንደኛ ወጣ» ቢሏችሁ አትታለሉ። ስማችሁን የሚያውቅ ሰው ድሮም ያገኛችኋል። «ደብረ ማርቆስ ሆቴል» ወይም «የጢስ ዓባይ ጉብኝት» ብለው ራሳቸው እያያችሁ ይፈልጉ።

ዋናው ጉድ ያለው ሥራው ላይ ነው። የክፍሉ ዓይነት፣ ዋጋው፣ አድራሻው፣ ስልኩ ሳይቀር በፎቶሾፕ ፎቶው ላይ ተጽፎ ይለጠፋል። ለዓይን ያምራል፤ ለጎግል ግን ገጹ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒውተር ላይ ገጹን ክፈቱ፣ ኮንትሮልና ኤ ተጭናችሁ ሁሉንም ምረጡ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጉ። ስልካችሁና ዋጋችሁ ካልመጣ ፎቶ ናቸው። አማርኛው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ከመጣ ደግሞ የተተየበው ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል መለያ ሥርዓት) ባልሆነ አሮጌ የግዕዝ ፎንት ነው፤ ጎግልም የሚያነበው ያንኑ ዝብርቅርቅ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ለዚህ ምንም ሰበብ የለም።

«ጽሑፍ ውበቱን ያበላሽብኛል» የምትሉ ባለቤቶችም አላችሁ። ይህን የሰማ ሻጭ ቃላቱን በነጭ ላይ በነጭ ጽፎ ይደብቅላችኋል። ይህ በጎግል የስፓም (ፍለጋን የማጭበርበር) ደንብ የተከለከለ ነው፤ ገጹን ወደ ታች ሊያወርደው፣ ጨርሶም ሊያስወጣው ይችላል፤ ጉዳቱም የእናንተው ነው። ትልቁ ፎቶ ባለበት ይቀመጥ። በላዩ የሚታየው ጽሑፍ ግን የፎቶው አካል ሳይሆን በኤችቲኤምኤል (በገጹ ኮድ ውስጥ) እንደ ጽሑፍ የተጻፈ ይሁን፤ መልኩ ያው ነው። ከሥሩም ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይግባ። ለእያንዳንዱ ፎቶ «አልት» መግለጫ (ፎቶው ምን እንደሚያሳይ ለጎግል የሚነግር፣ በገጹ ኮድ ውስጥ ያለ ጽሑፍ) አስጽፉ፦ «ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄድ ጀልባ፣ ጣና ሐይቅ» ዓይነት እንጂ «ሆቴል ምርጥ ሆቴል ርካሽ ሆቴል» አይደለም። «ኪወርድ ሜታ ታግ (በገጹ ኮድ ውስጥ የሚገባ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር) ሞልተናል» ብለው ካስከፈሉ፣ ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት ያስታወቀው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

ክብደቱንም እዩ። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ፎቶ 5 ሜጋባይት ቢሆን አሥሩ 50 ይሆናሉ፤ ከቡሬ በሞባይል ዳታ የከፈተው እንግዳ ሳይጨርሰው ይዘጋዋል። ስፋቱ ወደ 1600 ፒክስል ወርዶ በዌብፒ (ክብደቱ ቀላል የሆነ የፎቶ ፋይል ዓይነት) ሲቀመጥ አብዛኛው ፎቶ ከ300 ኪሎባይት በታች ይሆናል። የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ጎግል ይመክራል፤ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የተባለው የጎግል መለኪያ ገጽ በነጻ ይለካላችኋል።

ሰርች ኮንሶልም (ዌብሳይታችሁ ጎግል ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳየው የጎግል መሣሪያ) ሆነ የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል (ድርጅታችሁን ጎግል ፍለጋና ካርታ ላይ የሚያሳየው ገጽ) ነጻ ናቸው። ሠርቶ ላዘጋጀላችሁ የድካሙን ክፈሉ፤ «የጎግል መመዝገቢያ» ተብሎ ለሚጠየቅ ገንዘብ ግን እሺ አትበሉ። ሁለቱም በእናንተ ኢሜይል ይከፈቱ። ዶሜይኑም (የዌብሳይቱ አድራሻ ስም) በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ። በሻጩ ስም ከሆነ የተጣላችሁ ዕለት ዌብሳይቱን ይዞባችሁ ይቀራል፤ ቀሪው ክፍያ እጃችሁ ላይ እያለ ወደ ስማችሁ አስዛውሩት።