ለድሬ ፀሐይና ለሐረር ጀጎል፦ ፉጂፊልም ኤክስ100ቪአይ ሲፈተሽ

እኩለ ቀን ላይ ድሬዳዋን ፎቶ ከማንሳት የሚሸሽ ሰው ብዙ ነው፤ ምክንያትም አለው። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር የቆመ ሰው ፊቱ ይጨልማል፣ ከኋላው ያለው አስፋልት ደግሞ እንደ ወረቀት ይነጣል። ይህን ችግር ከፉጂፊልም ኤክስ100ቪአይ በተሻለ የሚፈታ ትንሽ ካሜራ ማግኘት ከባድ ነው። ካሜራውን የምንወደው በዚህ ነው፤ የድሮ ፊልም ካሜራ የሚመስለው ቁመናው ምርቃት ነው። የድሬ አሸዋ ግን ቀንደኛ ጠላቱ ስለሆነ ብር ከመቆጠሩ በፊት ሁለቱንም ጎን ማወቅ ይገባል።

የኤክስ100 ዘር በ2011 ተጀመረ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቪአይ ስድስተኛው ሲሆን በ2024 መጀመሪያ ላይ በ1,599 የአሜሪካ ዶላር ወጣ። ሌንሱ አይነቀልም፣ ዙምም የለውም፤ 23 ሚሊሜትር ሆኖ እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል)። በድሮው ፊልም ካሜራ ስሌት የ35 ሚሊሜትር ሌንስ እይታ ነው፤ ከስልክ ዋና ካሜራ ጠበብ ይላል። ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር 40 ሜጋፒክስል ነው፣ ክብደቱ ከነባትሪውና ከነሜሞሪው 521 ግራም።

ወደ ፀሐዩ እንመለስ። ደመና በሌለበት እኩለ ቀን፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 125 ላይ ልኩ ኤፍ 16 እና 1/125 ሰከንድ ገደማ ነው። ባክግራውንዱን ለማደብዘዝ እስከ ኤፍ 2 ሲከፈት ብርሃኑ 64 እጥፍ ስለሚጨምር ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋው መዝጊያ፣ 1/8000 መድረስ አለበት። የዚህ ካሜራ ሜካኒካል ሹተር ግን 1/4000 ላይ ያበቃል፣ ፎቶውም ይቃጠላል። መፍትሔው እዚያው ውስጡ አለ፦ ብርሃኑን በአራት እርከን (እያንዳንዱ በግማሽ) የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር አብሮት ተሠርቷል። እሱ ሲበራ 1/8000 ወደ 1/500 ይወርዳል። ከሜኑ ውስጥ እየፈለጉ ማብራት ጊዜ ስለሚበላ ለአንድ ቁልፍ ስጡት። የሚያጋጥመው ስህተት ማጥፋቱን መርሳት ነው፤ ጥላ ውስጥ ያለ ፊልተር በ125 ይነሳ የነበረውን ፎቶ ወደ አይኤስኦ 2000 ይወስደዋል። ፎቶው ያለ ምክንያት ሻካራ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ይኼ ነው።

ሁለተኛው በረከት የሹተሩ ዓይነት ነው። ሹተሩ ያለው ሌንሱ ውስጥ ነው፣ ቅጠል ቅጠል ሆኖ ይከፈታል ይዘጋል። ሌንስ በሚቀየርባቸው አብዛኞቹ ካሜራዎች፣ በተራ የፍላሽ አሠራር፣ ሹተሩ ከ1/250 ሲያልፍ የፎቶው አንድ ክፍል ይጠቁራል፤ ይሄኛው በ1/2000ም ፍላሽ ይቀበላል። ለቀትር የሚሆነው አቀማመጥ ኤፍ 4፣ 1/2000፣ አይኤስኦ 125፣ ኤንዲው ጠፍቶ ነው። አብራው የተሠራችው ፍላሽ ትንሽ ስለሆነች ሙሉ ብርሃን የምትሰጠው እስከ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ብቻ ነው። ጥላ ለማለዘብ ግን ሩቡ ይበቃልና እስከ 2 ሜትር ተኩል ድረስ ትረዳለች። ባርኔጣ ወይም ሻሽ ዓይን ላይ የሚጥለውን ጥላ ለማንሳት ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ኤንዲውን ከዚህች ፍላሽ ጋር ማብራት ግን የፍላሹንም ብርሃን አብሮ ስለሚቀንስ ትርፍ የለውም።

ሐረር ላይ ሥራው ይለወጣል። ጀጎል ውስጥ አንዱ ግድግዳ ፀሐይ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ጥላ ነው። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ብርሃኑ በዝቷል ብሎ ፎቶውን ያጨልማል። ያኔ ፎቶውን የሚያበራና የሚያጨልም የኤክስፖዠር ዲያሉን ወደ +1 ማዞር ነው፤ ዓይን ከመመልከቻው ሳይነሳ በአውራ ጣት ይዞራል። ዲያል ከጌጥነት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። የአይኤስኦው ዲያል ግን እንዲህ አይመሰገንም፦ የሹተሩን ዲያል ጠርዝ ወደ ላይ ስቦ ማዞር ይጠይቃል። ያምራል፣ ነገር ግን መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ጥላ ወጥቶ ፈረስ መጋላ አደባባይ ፀሐይ ላይ ለሚደርስ ሰው ይዘገያል። ወደ አውቶ አድርጉትና ጣሪያውን 6400፣ ዝቅተኛውን የሹተር ፍጥነት 1/250 ብላችሁ ተዉት።

አውቶፎከሱ ከድሮዎቹ ኤክስ100ዎች ቢሻሻልም ሌንሱ ራሱ ወደፊትና ወደኋላ እየሄደ ስለሚያተኩር ዛሬም ፈጣን የሚባል አይደለም። መኪና ግርግር ላይ በልብስ ሰፊዎቹ መካከል ለሚያልፍ ሰው የሚያዋጣው ፎከሱን በእጅ አድርጎ ርቀቱን መቆለፍ ነው፦ ኤፍ 8፣ ርቀት 2 ሜትር ተኩል። ከ1 ሜትር ተኩል ገደማ እስከ 10 ሜትር ያለው ሁሉ ለተለመደ ህትመት በቂ ጥራት ይኖረዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው የርቀት መለኪያ በፒክስል ስሌት ከተቀመጠ ጠባብ አድርጎ ስለሚያሳይ ወደ ፊልም ስሌት ይቀየር። ሹተሩ ድምፁ እምብዛም አይሰማም። ይህ ግን ሳያስፈቅዱ ለማንሳት መብት አይሰጥም፤ ፊቷን ያዞረች ሴት መልሷን ሰጥታለች፣ ካሜራው ይውረድ።

ያለ መዝጊያ በሴንሰሩ ብቻ የሚሠራውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር ለሱቅ ውስጥ መብራት አትጠቀሙበት። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ የሚርገበገብ አምፖል ፎቶው ላይ መስመር መስመር ያወጣል፤ የሚሮጥ ባጃጅም በዚህ ሹተር ቅርጹ ይንጋደዳል። ሜካኒካሉን በ1/50 ወይም በ1/100 መጠቀም ይሻላል።

የሐረሪ ቤት ውስጥ፣ ነደባው (ከፍ ያለው የመቀመጫ መደብ) ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን የሞላውን ሰሃንና ሙዳይ ለማንሳት፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋው የሴንሰሩ ሥርዓት ትልቅ ሀብት ነው። ክርንን ጉልበት ላይ አስደግፎ በ1/8 ሰከንድ ያለ ትራይፖድ ጥርት ያለ ፎቶ ይወጣል፣ አይኤስኦውም ዝቅ ብሎ ይቆያል። ግን ሌንሱ ለክፍሉ ይጠባል፤ ግድግዳውን በሙሉ አያስገባም። ወደ 28 ሚሊሜትር እይታ የሚያሰፋ ተጨማሪ ሌንስ ፊቱ ላይ ይገጠምለታል፤ ይህ ሌላ ወጪና ሌላ ክብደት ነው። ማታ ጅብ በሚመገብበት ቦታ ደግሞ ኤፍ 2፣ 1/125፣ አይኤስኦ 6400 መነሻ ይሁን። የፎከስ መብራቱ ይጥፋ፣ በመስታወት የሚያሳየው መመልከቻም ወደ ኤሌክትሮኒክ ይቀየር፤ መስታወቱ ኤክስፖዠሩን አያሳይም፣ ቅርብ ያለውንም ነገር ከቦታው ትንሽ አዛብቶ ያሳያል።

ስለ ቀለሙ ብዙ ይወራል፣ ይገባዋልም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1883 ሐረር ላይ ያነሳቸው ፎቶዎች ባጠበባቸው መጥፎ ውኃ ምክንያት ነጥተውበት ነበር። ዛሬም ፊልም ገዝቶ ማሳጠብ ወጪም ልፋትም አለው። ይህ ካሜራ 20 ዓይነት የፊልም ቀለም ይዟል፤ ፎቶው ያለ ኤዲቲንግ ወደ ስልክ ይገባል። ምርጫው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁሉም የሚያወድሰው ክላሲክ ክሮም የጠይም ቆዳን ሙቀት ይወስድና ፊትን ያደርቃል። ቬልቪያ የሐረሪ ሴቶችን ቀይና ብርቱካናማ ልብስ እስኪያብረቀርቅ ይገፋውና የጨርቁን ዝርዝር ያጠፋዋል። ለእኛ ፊትና ለእኛ ፀሐይ ሪያላ ኤስ ወይም አስቲያ ይሻላል፣ የቀለም መጠኑ በ1 ተቀንሶ። የሰማዩን ንጣት ለማዳን ዳይናሚክ ሬንጅ 400 ሲመረጥ ዝቅተኛው አይኤስኦ 500 እንደሚሆን አትርሱ፤ በቀትር ሌንሱን ከፍቶ ለማንሳት ኤንዲው የግድ ይሆናል። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል ይሁን፣ አለዚያ የ40 ሜጋፒክስሉ ጥራት መንገድ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደሚያሳስበን። ሌንሱ ሲያተኩር ስለሚንቀሳቀስ ፊቱ ክፍት ነው፤ ካሜራው አቧራና ውኃ የሚቋቋመው ማያያዣ ቀለበትና 49 ሚሊሜትር መከላከያ ፊልተር ሲገጠሙለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ለብቻ ይገዛሉ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ንፋስ ሲነሳ ያለ ቀለበት ይህን ካሜራ ማውጣት ጥፋት ነው። ሌንስ በሚቀየርበት ካሜራ ሴንሰር ላይ የወደቀ ብናኝ በእጅ ፓምፕ ይነፋል። እዚህ ግን ሌንሱ ስለማይነቀል ሴንሰሩ ላይ የደረሰ ብናኝ የሚወጣው ካሜራው በባለሙያ ሲፈታ ነው። ይህ ነጥብ ከዋጋው በላይ ያሳስበናል።

ሙቀቱም አለ። ፋብሪካው የፈቀደው እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው፣ ምርጫ ካለም ጥቁሩን ትቶ ብርማውን መግዛት ይሻላል። ረጅም ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ሌላ ካሜራ ይፈለግ፤ ይኼኛው ይግላል። ለሠርግ ዋና ካሜራ አድርጎ መያዝንም አንመክርም፤ የሜሞሪ ቦታው አንድ ብቻ ስለሆነ ካርዱ ከተበላሸ የሙሽሮቹ ቀን አብሮ ይጠፋል። ከአዳራሽ ጥግ ሆኖ ቀለበት ሲደረግ ለማንሳትም ሌንሱ አይደርስም።

ዋጋው ለከበደው፣ በ2020 የወጣው ኤክስ100ቪ ሌንሱና ኤንዲው ያው ነው፤ በዋናነት የሌለው የእጅ መረጋጊያውና 40 ሜጋፒክስሉ ነው፣ 26ቱም ለትልቅ ህትመት ይበቃሉ። ያገለገለ ሲገዛ እዚያው ሻጩ ፊት ፎከሱን በእጅ አድርጋችሁ ወደ ቅርብ አምጡት፣ በኤፍ 16 ጥርት ያለ ሰማይ አንሱና ፎቶውን አሳድጋችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ተመልከቱ፤ ጥቁር ነጥብ ካለ ብናኙ ሴንሰሩ ላይ ነው። ቀጥሎ ከፊት ያለውን ማብሪያ እየገፋችሁ መመልከቻው ከመስታወት ወደ ኤሌክትሮኒክ መለዋወጡን እዩ፣ የሌንሱን መክፈቻ የሚያዞረውን የአፐርቸር ቀለበት ከኤፍ 2 እስከ 16 አዙሩ፣ ኤንዲውን አብርታችሁ አጥፉ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከተንተፋተፈ ዋጋ አትከራከሩ፣ ተዉት።