ቱርቦ ወይስ ሱፐርቻርጀር? ጅማ ላይ ሆኖ ለሚነዳ ሰው

ቱርቦም ሱፐርቻርጀርም ወደ ሞተር አየር ጨምቀው የሚያስገቡ ዕቃዎች ናቸው። ባለ ቱርቦውን ሃይሉክስ ከያዝኩ ወዲህ የሚያውቀኝ ሁሉ «ከድሮው በምን ይሻላል?» ይለኛል። በዳገት ነው የሚሻለው። ሜዳ ላይ ብዙም አትለያቸውም።

የድሮው ሞተር 5ኤል ነበር። 2986 ሲሲ፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። ክፉ አይወጣኝም፤ የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። የአሁኑ 2ኬዲ ደግሞ 2494 ሲሲ ብቻ ነው። ግን ከአዲስ አበባ ጭኜ ስመለስ፣ ከግቤ ድልድይ ወደ አበልቲ ያለውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ይዞት ይወጣል። በድሮው እዚያ ጋ ከኋላዬ የአይሱዙ ጥሩንባ አይጠፋም ነበር።

ምክንያቱ አየር ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1700 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን እዚሁ ከተማ ቆሞ ያጣል። ቱርቦ ግን ሊወጣ በነበረው ጭስ እየተሽከረከረ አየሩን ጨምቆ ያስገባል፤ የጎደለውን አብዛኛውን ይመልሳል።

ሱፐርቻርጀር ያለውንም ነድቻለሁ፤ የወዳጄን መርሴዲስ፣ ከኋላው «ኮምፕረሰር» የተጻፈበትን። እውነት ለመናገር ደስ ይላል። ነዳጅ ረገጥ ስታደርገው ወዲያው ይሄዳል፤ የእኔው አንዴ አስቦ ነው የሚነሳው። መርካቶ ባጃጅ መሀል ስገባ ይህች መዘግየት ታናድደኛለች። ነገር ግን ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረው የሞተሩ ቺንጋ ነው። ጉልበት ለመጨመር መጀመሪያ ጉልበት ይበላል፤ ነዳጁም እንደዚያው። መርሴዲስ ራሱ እነዚያን አራት ሲሊንደር ሞተሮች ኋላ ላይ ወደ ቱርቦ ቀይሯቸዋል። እዚህ ዳገት ላይ ለሚጭን ቡና ነጋዴ ምርጫው ቱርቦ ሆኖ ያለቀ ይመስለኛል።

ቱርቦ ግን ቸልታ አይወድም። በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞር ዕቃ ነው፤ የሚያኖረው ዘይት ነው። ዘይትና ፊልትሮ በወቅቱ ይቀየር። ዳገት ጨርሰህ ስትቆም ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይብረድ። ያገለገለ መኪና የምትገዛ ከሆነም ሞተሩ ሲበርድ የአየር ቱቦውን አስፈትተህ የቱርቦውን ዘንግ በጣትህ ነካ አድርገው። ወደ ጎን ትንሽ ቢንቀሳቀስ ምንም አይደለም። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰ ግን ዋጋ አስቀንስ፣ ወይም ተወው። እኔን ያሳየኝ እዚሁ ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ ያለ መካኒክ ነው፤ ለምርመራው ገንዘብ አልቀበልም ብሎኝ ቡና ጋብዤው ተለያየን።

ኢንተርኔት ላይ «ኤሌክትሪክ ሱፐርቻርጀር» እያሉ የሚሸጧትን ትንሽ ማራገቢያ የሚጠይቁኝ ልጆችም አሉ። እሷ አየር አትጨምቅም። ብሩን ለዘይት አውሉት።